ሌጦው ደጃችን ላይ ሲበሰብስ

ክቡራን እንግዶች፣ የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች፣ የቆዳ ፋብሪካ ባለቤቶች፣ ከየክልሉ የመጣችሁ ቆዳ ሰብሳቢዎች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን አደረሳችሁ።

ስለ ዓለም ገበያ ተናገር ተብያለሁ። ይህን ገበያ እኛ ጫማ ሠሪዎች ደጃችን ድረስ መጥቶ አይተነዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቀው ስንቱ ሱቁን ዘጋ፣ ስንቱ ሠራተኛውን በተነ! የቀረነው የመጣውን ጫማ ፈትተን አየነው። ሞዴሉን ተማርን፣ ሶላችንን አሻሻልን፣ ገዢያችንን መለስን። ያዳነን እጃችንና ቆዳችን ነው።

ያ ቆዳ ዛሬ የት ነው?

ባለፈው ፋሲካ ማግስት የሰፈሬ ቆሻሻ ገንዳ ዙሪያው ሌጦ በሌጦ ሆኖ ነበር። አንዲት እናት ጠቅልለው ይዘው ቆመዋል። «ልጄ፣ ድሮ ቢላዋው ሳይታጠብ ‹ሌጦ ያለው!› የሚሉ ልጆች ደጄ ላይ ይሻሙ ነበር። ዘንድሮ በነጻ የሚወስድልኝ አጣሁ» አሉኝ። ተቀብዬ ዘረጋሁት። የደጋ በግ! የአውሮፓ ጓንት ሠሪ የሚመርጠው ዓይነት። እከክ የለበት፣ ቢላዋ አልነካው። የጎደለው ከመበስበስ የሚያድነው ጨው ነበር፤ ፀሐዩም ጠንክሯል። እሳቸው መጣያ አጥተው ያፍራሉ፤ እኔ በቆዳ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ምን ልበላቸው?

በ2000 ዓ.ም. ጥሬ ቆዳ እንዳይወጣ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። በ2004 ክረስት የምንለው፣ ለፍቶ የመጨረሻ ማጠናቀቂያ ያልተደረገለት ቆዳም ታከለበት። እሴት ጨምረን እንሽጥ መባሉን ደግፌያለሁ፤ አሁንም እደግፋለሁ። ግን በሩ ሲዘጋ ገዢው እናንተ ፋብሪካዎች ብቻ ሆናችሁ! በጥንቃቄ የተገፈፈውንና በቢላዋ የተበሳሳውን በአንድ ዋጋ ስትወስዱ ገፋፊው ለምን ይጠንቀቅ? ገንዘቡን ለወራት ስታቆዩበት ሰብሳቢው በምን ጨው ይግዛ? ሰው ሠራሽ ቆዳ በዛ፣ የዓለም ዋጋ ወደቀ ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ዋጋ ሲወድቅ ግን የሚተርፈው ጥራት ያለው ነው፤ ጥራቱን ደግሞ ገንዳ ውስጥ ጣልነው!

የኬሚካል መግዣ የውጭ ምንዛሪ ችግር አለ፤ መንግሥት ይስማን። በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለቀረጥ ከምንሸጥበት ዕድል፣ መውጣታችንም ጎድቶናል።

የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ከሚቀጥለው በዓል በፊት የሌጦ ዋጋችሁን በየደረጃው ለዩና በራችሁ ላይ ለጥፉ። ለሰብሳቢዎቹ ጨው በቅድሚያ ስጡ፣ ሒሳባቸውንም በርክክቡ ዕለት ክፈሉ። ጉባኤው ይህን ዛሬ በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍርልኝ እጠይቃለሁ።