ባልከፍል ማን ይጠየቃል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ ዕዳ አከፋፈል ብቻዬን ላውራችሁ።

ዕዳ ለመጨረስ ዕቅድ ሲወጣ ሁለት ምክር ይደጋገማል፦ ወለዱ ከከበደው ጀምሩ፣ ወይም ከትንሿ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ዝጉ። ሁለቱም ይጠቅማሉ። እኔ ግን የኛን አገር ዕዳ ወረቀት ላይ አስፍሬ ሳየው፣ በሁለቱም ውስጥ ሰው የለም።

የኔ ዝርዝር ይኸው፦ የሰፈር ሱቅ ዱቤ፣ የቴሌብር እንደኪሴ የሚባለው የስልክ ብድር፣ የመሥሪያ ቤታችን የብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ የበላሁት ዕቁብ፣ ታላቅ እህቴ ያበደረችኝ። በእያንዳንዱ ትይዩ ብሩን ጻፍኩ፤ ቀጥሎም «ባልከፍል ማን ይጠየቃል?» ብዬ መልሱን ጻፍኩ። ያኔ ቅደም ተከተሉ ተገለባበጠ።

ዕቁቡን እንይ። ቁጠባ ነው እንላለን፤ ዕጣው መጨረሻ ላይ ለወጣለት እውነት ነው። መጀመሪያ ለደረሰው ግን ብድር ነው። 12 ሰው በየወሩ 3,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ በመጀመሪያው ወር ቢደርሳችሁ 36,000 ብር ትይዛላችሁ። የራሳችሁ 3,000ው ብቻ ነው፤ 33,000ው የ11 ሰው ገንዘብ ነው። ወለድ ስለሌለው በወለድ ስሌት መጨረሻ ይሰለፋል። ነገር ግን ብሩን ስትቀበሉ ዋስ ጠርታችኋል፣ ያ ሰው ፈርሞላችኋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ዋሱ ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በነጠላ ከፈረመ፣ አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። ዋሱም ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት። ስለዚህ ለኔ ዋስ ያለበት ዕዳ ይቀድማል፤ ዕቁቡና የማኅበሩ ብድር ማለት ነው። ቀጥሎ የስልኩ፣ ምክንያቱም ቀኑ ባለፈ ቁጥር ይጨምራል።

ስንት ይውጣ ለሚለው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከደመወዝ የሚቆርጠው በወር ከሲሶው እንዳይበልጥ ይላል። ለራሴም ጣሪያዬን እዚያው ላይ አደረግኩት። ደመወዙ 12,000 ብር ለሆነ ሰው 4,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ የሚከፍል ሰው ወሩ አጋማሽ ላይ ለዘይትና ለጤፍ ተመልሶ ዱቤ ይገባል፤ ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ። የዕድር መዋጮ ግን ዕዳ አለብኝ ተብሎ አይቆምም፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝ።

ከሁሉም የሚከብደው ንግግሩ ነው። ወር ሲጎድል ዋሱ ከዕቁቡ ዳኛ ሳይሆን ከእናንተ አፍ ይስማው፣ ያውም ከመክፈያው ቀን በፊት። «በዚህ ወር ግማሹን ነው የምጥለው፣ ቀሪውን በዚህ ቀን» ብላችሁ ቁርጡን ንገሩት።

የእህቴ መጨረሻ ላይ ነው። «ስታገኚ ትሰጪኛለሽ» ነበር ያለችው፤ ቀን የሌለው ዕዳ እንደሆነ ደግሞ ዓመትም ይቆያል። ስለዚህ ደወልኩላትና ዕቁቡ ሲያልቅ፣ ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ 1,000 ብር አልኳት። «እሺ፣ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ አስበዋለሁ» አለችኝ።

በሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።