«መሪው ቡድን በሜዳው አስተማማኝ ነው አይደል ጋሼ?»፦ ስለ ናፖሊ የደወላችሁልኝ ጥያቄዎች

ባለፈው ሳምንት የኳስ ክለቡ ናፖሊ የጣሊያንን ከፍተኛ ሊግ፣ የሴሪ አን ዋንጫ ስለበላበት የ2022/23 የውድድር ዓመት አውርተን ነበር። በኛ 2015 መሆኑ ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እባካችሁ ለዚህ ብላችሁ አትደውሉ። ስልኩ ሲጮህ ስላመሸ ብዙዎቻችሁን በችኮላ ነው የሸኘኋችሁ። እነሆ መልሱን ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት።

ከባህር ዳር፦ ናፖሊ ኮከቦቹን ሁሉ ለቆ እንዴት ነው ዋንጫ የበላው?

ያን ክረምት የናፖሊ ደጋፊም ይህንኑ ነበር የሚጠይቀው፣ እሱ ግን በንዴት። ኩሊባሊ ወደ ቼልሲ ሄደ። ካፒቴኑ ኢንሲኜ ቶሮንቶ ገባ። መርተንስ ወደ ጋላታሳራይ፣ ፋቢያን ሩይዝ ወደ ፓሪስ። በምትካቸው የመጡትን ስም እንኳ በትክክል የሚጠራ ሰው አልነበረም። ክቫራትስኬሊያ ከጆርጂያው ዲናሞ ባቱሚ በ10 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ተገዛ። ኪም ሚን ጄ ከፌነርባቼ መጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ክቫራትስኬሊያ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች፣ ኪም የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባሉ።

ሰው መግዛት ብቻውን ግን ዋንጫ አያመጣም። አሰልጣኙ ስፓሌቲ ትንሹን ሎቦትካን መሃል ላይ ተክሎ ኳሱ ሁሉ በሱ በኩል እንዲያልፍ አደረገ። በግራ ክቫራትስኬሊያ ኳስ ሲይዝ ሁለት ሰው ይጎትታል። ያን ጊዜ ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦሲምሄን ሳጥን ውስጥ ከአንድ ተከላካይ ጋር ብቻ ይፋጠጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። 26 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ለአፍሪካዊ የመጀመሪያው ነው። ቡድኑ 28 አሸንፎ፣ 6 አቻ ወጥቶ፣ 4 ተሸንፎ በ90 ነጥብ ጨረሰ። ሁለተኛው ላዚዮ 74 ነበረው። እነዚያን 4 ሽንፈቶች ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ከጎንደር፦ ናፖሊ ስንት ጊዜ ነው ሊጉን የወሰደው?

አራት። 1987፣ 1990፣ 2023፣ 2025።

ከመቐለ፦ 10 ቁጥርን አሁን ማን ነው የሚለብሰው?

ማንም። የማራዶና ነው፣ ከተሰቀለ ቆየ።

ከደብረ ብርሃን አንዲት እናት፦ ልጄ ኳስ ሲጫወት ጉንጩን ተመቶ አጥንቱ ተሰንጥቋል ተባለ። እሱ ግን እንደ ኦሲምሄን ጭንብል አድርጌ እጫወታለሁ ይለኛል፤ ጓደኛው ከፕላስቲክ ሊሠራለት ነው።

እናቴ፣ ያንን ፕላስቲክ ይውሰዱበት። ኦሲምሄን ጭንብል ያደረገው ለማማር አይደለም። በኖቬምበር 2021 ከኢንተር ጋር ሲጫወቱ ከኢንተሩ ተከላካይ ሽክሪኒያር ጋር ተጋጭቶ የፊቱ አጥንት ብዙ ቦታ ተሰባበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሁለት ወር ገደማ ከሜዳ ራቀ። ጭንብሉም የተሠራው በሱ ፊት ልክ ነው። በጄሪካን ክዳንና በላስቲክ የተሠራ ነገር ሌላ ኳስ ቢያገኘው ራሱ ፊቱን ይቆርጠዋል። መቼ እንደሚጫወት የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እኔም አይደለሁም፣ ጓደኛውም አይደለም። ወደ ሐኪም ይመልሱት።

ከአዳማ አንድ የባጃጅ ሹፌር፦ ጋሼ፣ እንደ ያኔው ናፖሊ ሊጉን የሚመራ ቡድን በሜዳው ሲጫወት አስተማማኝ ነው አይደል? የእቁብ ዕጣ ወጥቶልኛል፣ አስር ጨዋታ መርጬ ቤቲንግ ላስገባው ነበር።

ቁጭ በል ወንድሜ። ሻይም እዘዝ፣ ረጅም ነው።

በየሳምንቱ ቢያንስ አምስት ሰው ይህንኑ በሌላ ቃል ይጠይቀኛል። «አስተማማኝ» የምትሉት ቃል ነው የሚያቃጥለኝ። ናፖሊ ያን ዓመት በ16 ነጥብ ልዩነት የበላ ቡድን ነው፤ ከሱ በላይ አስተማማኝ ከየት ልታመጣ ነው? እስቲ ያስቀመጥናቸውን ሽንፈቶች እንያቸው። በውድድሩ መሃል ከተደረገው ዓለም ዋንጫ በፊት 15 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም አልተሸነፈም። ከእረፍት ሲመለስ፣ ጃንዋሪ 4፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ኢንተር 1 ለ 0 አሸነፈው። ማርች 3 ላዚዮ እዚያው ናፖሊ ሜዳ ላይ 1 ለ 0። ኤፕሪል 2 ሚላን፣ አሁንም ናፖሊ ሜዳ ላይ፣ 4 ለ 0! ሜይ 14፣ ዋንጫውን ካረጋገጠ በኋላ፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴሪ አ የገባው ሞንዛ 2 ለ 0።

አቻዎቹም አሉ። ኤፕሪል 30 ከሳሌርኒታና ጋር ነበሩ። ካሸነፉ ያን ቀን ሻምፒዮን ናቸው፣ ምክንያቱም ላዚዮ ትንሽ ቀደም ብሎ በኢንተር ተሸንፏል። ከተማው በሙሉ ሰማያዊ ለብሶ ወጥቷል። ኦሊቬራ በግንባሩ አገባ፣ 1 ለ 0፣ አለቀ ተባለ። በ84ኛው ደቂቃ ዲያ የሚባል የሳሌርኒታና አጥቂ አቻ አደረገውና ናፖሊ ርችቱን ይዞ ቀረ። ሜይ 4 ኡዲኔ ሄደው 1 ለ 1 ወጥተው ነው የበሉት። ለነሱ አራት ቀን መዘግየት ነው። ኤፕሪል 30 «ናፖሊ ያሸንፋል» ብሎ ቲኬት ለቆረጠ ሰው ግን አራት ቀን ምን ያደርግለታል?

የሚላኑን ጨዋታ ያየሁት ሰፈራችን ካለ የኳስ ማሳያ ቤት ነው። ማታ 3፡45 ነው የጀመረው። ኦሲምሄን ተጎድቶ አልገባም። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ቲኬቱን አራት ቦታ አጥፎ በመዳፉ ጨብጧል። 17ኛው ደቂቃ ላይ ሌያኦ ሲያገባ ሳቀ። ዲያዝ ሁለተኛውን ሲጨምር «ገና ነው» አለ። በአራተኛው ምንም አላለም። ቲኬቱን ዘርግቶ ደጋግሞ አነበበው፣ ላዩ ላይ ያልተጻፈ ነገር የሚያገኝ ይመስል። ወንበሩ ሥር ጥሎት ሲወጣ የቡና ሒሳቡን እንኳ እኔ ነኝ የከፈልኩለት። የወንድሙ ብር እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ያ ናፖሊ ከ38 ጨዋታ 28 አሸነፈ፣ በመቶ 74 ገደማ ማለት ነው። አንተ የምትመርጣቸው አስሩም ቡድኖች እንደዚያ ናፖሊ ናቸው እንበል (አይደሉም!)። አስሩም በአንድ ቲኬት ላይ አብረው የሚያሸንፉበት ዕድል ከመቶ 5 አይሞላም። አምስት ብቻ ብታደርግ እንኳ ከመቶ 22 ገደማ ነው። ቤቲንግ ቤቱ ይህን ሒሳብ ያውቃል፣ ኪራዩንም የሚከፍለው በሱ ነው። አንተ ስትበላ የምታወራውን አንድ ቲኬት እንጂ የተበላኸውን ሰላሳ አትቆጥርም።

እቁቡን በተመለከተ ደግሞ ተረጋግተህ አስብ። ዕጣው ቶሎ ወጣልህ ማለት ብሩ ተሰጠህ ማለት አይደለም። ዙሩ እስኪያልቅ በየሳምንቱ ትጥላለህ። ስለዚህ ያ ብር ዕዳ ነው፣ ያውም የጎረቤት ዕዳ። የእቁቡ ዳኛ ዋስህን ሲጠራ «ዲያ በ84ኛው ደቂቃ አገባብኝ» ልትለው ነው? ብሩን ለባጃጅህ ጎማ አውለው። ባለቤት ካለችህ ዛሬውኑ እሷ ጋ አስቀምጠው።

ሌላም አለ። «የተሸጠ ጨዋታ አለኝ» ብሎ በቴሌግራም ብር የሚጠይቅህን አትመን። ዘዴው ቀላል ነው፤ ለ300 ሰው ይልክና ለመቶው «ያሸንፋል»፣ ለመቶው «አቻ»፣ ለመቶው «ይሸነፋል» ይላል። መቶው የግድ ነቢይ አገኘሁ ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚከፍለው እሱ ነው።

አቆማለሁ እያልክ ማቆም ካቃተህ፣ የተበላኸውን ለመመለስ ብለህ እየተበደርክ ከሆነ፣ ቤት እየዋሸህ ከሆነ፣ ነገሩ ከኳስ ወጥቷል። እኔ ታዳጊ ሳሰለጥን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ለዚህ መድኃኒት የለኝም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂድ። አታፍር፣ ጉልበቱን የታመመ ሰው ሐኪም ጋ ሲሄድ አያፍርም።

ከሳሪስ፦ ዩቬንቱስ ነጥብ ባይቀነስበት ናፖሊ ይበላ ነበር?

አዎ። ዩቬ መጨረሻ ላይ የተቀነሰበት 10 ነጥብ ነው፤ በ62 ጨረሰ። መልሱለት፣ 72 ይሆናል። ናፖሊ 90 ነው። ያውም በጃንዋሪ 5 ለ 1 ደብድቦታል፣ ቱሪን ላይ ደግሞ በባከነ ሰዓት ራስፓዶሪ ቀጥቶታል። ይህን ወሬ ከቴሌግራም ነው ያመጣኸው አይደል? ስለ ቴሌግራም ከላይ ብያለሁ።

ከጅዳ፦ ታዲያ ናፖሊ በዓመቱ እንዴት 10ኛ ወጣ?

ስፓሌቲ ደከመኝ ብሎ ለቀቀ፣ በኦገስት የጣሊያን ብሔራዊ ቡድንን ያዘ። ኪም ወደ ባየርን ሄደ፣ በቦታው የሚመጥን ሰው አልመጣም። ከዚያ በአንድ ዓመት ሦስት አሰልጣኝ፦ ጋርሲያ፣ ማዛሪ፣ ካልዞና። ቤት ሦስት ጊዜ ሲፈርስ ጣሪያው ያፈሳል። 53 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። በሚቀጥለው ዓመት አሰልጣኝ ኮንቴ መጣ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ቬሮና 3 ለ 0 አሸነፈው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ በመጨረሻ ግን ኢንተርን 82 ለ 81 በአንድ ነጥብ ቀድሞ በላ። በዚያ በመጀመሪያው ቀን «ናፖሊ አለቀለት» ያላችሁኝን ሁሉ አስታውሳለሁ።

ከዚያው ስልክ፣ የጓደኛው ድምፅ፦ እኩል ነጥብ ቢሆኑስ ኖሮ?

አንድ የመለያ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ደንቡ ከ2022/23 ጀምሮ ተመልሷል።

ከሮም አንዲት እህት፦ ማራዶና ስታዲየም ሄጄ ጨዋታ ማየት እፈልጋለሁ፣ በር ላይ ቲኬት ይገኛል?

በር ላይ ከሚያዞሩት አትግዢ። ጣሊያን ውስጥ የስታዲየም ቲኬት ላይ ስም ይጻፋል፣ መታወቂያ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ከክለቡ ሽያጭ ግዢ። ፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ናፖሊ ያደርስሻል፤ ከዚያ በመስመር 2 ካምፒ ፍሌግሬይ ውረጂ፣ ስታዲየሙ በእግር ቅርብ ነው። ከጨዋታው በፊት ፒሳ ብዪ፣ በኋላ ሰልፉ አይቻልም።

ስሙን ካልተናገረ ደዋይ፦ ጋሼ፣ የቅዳሜውን ማን ያሸንፋል?

ለምን እንደጠየቅከኝ አውቃለሁ። ስልኩን ዝጋ።