ጎፈሬ ይፈቀዳል፣ ሹሩባ አይፈቀድም

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ድምፄ ጎርነን ካለ ይቅርታ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ የኮሌጅ ወረቀት ስጽፍ ነው ያደርኩት። ትናንት አስገባሁት። ተገላገልኩ ብዬ ነበር፣ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ስለዚህ ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና እናንተ ብቻ ነን።

ኮርሱ በአሜሪካ ስላለው ጾታ፣ ዘርና ፖፕ ካልቸር ነው። የፈለጋችሁትን መርጣችሁ አጥኑ ተባልን። የክፍሌ ልጆች ዘፋኝ መረጡ፣ ሪያሊቲ ሾው መረጡ። እኔ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዤ ስመጣ ሳቁብኝ። ፍርድ ቤትና ፖፕ ካልቸር ምን አገናኛቸው? ቆይ፣ ልንገራችሁ።

ረኔ ሮጀርስ ትባላለች። ጥቁር ሴት ናት። አሜሪካን ኤርላይንስ ውስጥ 11 ዓመት ገደማ የሠራች፣ ኤርፖርት ላይ ከመንገደኛ ጋር ፊት ለፊት የምትገናኝ ሠራተኛ። በፈረንጅ 1980፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ሹሩባ ተሠርታ ሥራ ገባች። ኩባንያው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተጎነጎነ ጸጉር የሚከለክል ደንብ ነበረው። በዘርና በጾታ ያዳላል ብላ ከሰሰችው። በ1981 ኒውዮርክ ያለ የፌዴራል ዳኛ፣ ኤብርሃም ሶፌር፣ አብዛኛውን ክሷን ውድቅ አደረገ።

ውሳኔው አጭር ነው፣ ባቡር ውስጥ ስልኬ ላይ ነው ያነበብኩት። አንድ ቦታ ስደርስ "እንዴ!" ብዬ ጮህኩ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ዳኛው ምን ይላል መሰላችሁ፦ ይቺ ሴት በሹሩባ የመጣችው አንዲት ነጭ ተዋናይት በፊልም ላይ ታዋቂ ካደረገችው ብዙም ሳይቆይ ነው። ፊልሙ የ1979ኙ "አስር" ነው፣ ተዋናይቷ ቦ ዴሬክ። ነጥቡን ያነሳው ኩባንያው ነው፣ ዳኛው ተቀብሎ ውሳኔው ውስጥ አስገባው። ሮጀርስ እኮ ይሄ የጥቁር ሴቶች ባህል ነው፣ ታሪክ ያለው ነው ብላ ነበር የተከራከረችው። ሲሲሊ ታይሰንን ጠቅሳለች። ታይሰን ማለት በ1963 ያልተተኮሰ አጭር ጸጉሯን ይዛ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ ላይ የታየች፣ በኋላም ሹሩባ ተሠርታ አደባባይ የወጣች ጥቁር ተዋናይት ናት። እሷ አልተቆጠረችም። ሲኒማ ቤት የታየችው ነጭ ግን ለፍርድ ማስረጃ ሆነች። እኔ ፖፕ ካልቸር የመዝናኛ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሌላው ነገር ደግሞ፣ እዚህ ጋ እኛ አበሾች ትንሽ ፈገግ ማለታችን አይቀርም፣ ዳኛው ጎፈሬና ሹሩባን ለያቸው። ጎፈሬ አብሮ የተፈጠረ ስለሆነ እሱን መከልከል በዘር ማዳላት ሊሆን ይችላል አለ። ሹሩባ ግን የእጅ ሥራ ነው፣ ይፈታል፣ ስለዚህ ሕጉ አይከላከልለትም። ደንቡም ለሴትም ለወንድም፣ ለነጭም ለጥቁርም እኩል ነው፣ አድልዎ የለበትም አለ። አጼ ቴዎድሮስ በዚያ ሹሩባቸው ትኬት ቆራጭ ቢሆኑ ኖሮ እሳቸውም ይከለከሉ ነበር ማለት ነው፣ በእኩልነት።

የገረመኝን ትንሽ ነገር ደግሞ ስሙ። ኩባንያው "መፍትሔ" ሰጥቷት ነበር። ሹሩባሽን ከኋላ ጠቅልይው፣ በሥራ ሰዓት አርቴፊሻል ጸጉር ዙሪያውን አድርጊበት አላት። ሞከረችው። ራስ ምታት ለቀቀባት። ለፍርድ ቤቱም ይሄንኑ ተናገረች። የዳኛው መልስ ምን ሆነ? እንግዲያው ሰፋ ያለ አርቴፊሻል ጸጉር መጠቀም ነዋ። ይሄ ውሳኔው ውስጥ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ወረቀቴ ላይ ይሄንን ክፍል ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስቴም ተናድጄ አጠፋሁት፣ ምክንያቱም ፕሮፌሰሯ "ስሜትሽን ሳይሆን ትንተናሽን ነው የምፈልገው" ብላኛለች። እዚህ ግን የራሴ ቤት ነው።

ትንተናው ምን መሰላችሁ። በዘር ካያችሁት፣ ደንቡ ጥቁር ወንዶችን ብዙም አይነካም። በጾታ ካያችሁት ነጭ ሴቶችን አይነካም። ሁለቱን ነጣጥሎ የሚመዝን ዳኛ ጥቁሯን ሴት የሚያገኝበት ቦታ የለም። ኪምበርሊ ክሬንሾ የምትባል የሕግ ምሁር በ1989 የጻፈችው ይሄንን ነው፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ሰው አድርጋ። እሷ ያነሳችው በ1976 በመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ጉዳይ የተሰጠውን ውሳኔ ነው፤ ሴት ይቀጥራል (ነጮችን)፣ ጥቁርም ይቀጥራል (ወንዶችን)፣ ታዲያ ጥቁር ሴቶች ምን ጎደለባችሁ የተባለበትን። የሮጀርስን ጉዳይ ራሱን ደግሞ ፖውሌት ካልድዌል የምትባል የሕግ መምህርት በ1991 ሰፋ አድርጋ ጽፋበታለች።

አሁን በሕግ ደረጃ ተሻሽሏል። ካሊፎርኒያ በ2019 የጸጉር አሠራርን ከዘር ጋር አያይዞ የሚከላከል ሕግ አወጣች፣ እኛ ሜሪላንድና ጎረቤታችን ቨርጂኒያ በ2020 ተከተልን። ኮንግረስ ላይ ግን ተመሳሳዩን ረቂቅ በ2022 የታችኛው ምክር ቤት ቢያሳልፈውም ሴኔት ላይ ቀረ።

እኔ ሃይስኩል እያለሁ፣ ከሕጉ በፊት፣ ለክረምት ሥራ ኢንተርቪው ልሄድ ስል እናቴ ቅዳሜ የሠራችልኝን ሹሩባ ሰኞ ጠዋት ራሷ ፈታችው። አራት ሰዓት የፈጀባትን። "ተተኮሺና ሂጂ፣ ሥራውን ከያዝሽ በኋላ እንደፈለግሽ" አለችኝ። ያኔ በጣም ተቀይሜያት ነበር። ውሳኔውን ሳነብ ግን እናቴ ይሄን ዳኛ ሳታነበው በደንብ ታውቀው እንደነበር ገባኝ። ሥራውን አገኘሁ፣ በነገራችን ላይ። ክረምቱን ሙሉ ሹሩባ አልተሠራሁም።

ትናንት ማታ ወረቀቱን እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ፣ እሷ ጸጉሬን እየሠራች። ስለ ፊልሙ ስነግራት ምንም አላለችም። ስለ ራስ ምታቱ ስነግራት "አይ፣ ምስኪን" አለች። ከዚያ ቆየት ብላ ጠየቀችኝ፦

"ሹሩባዋ ቀጭን ነው ወፍራም? ወደ ኋላ ነው የሄደው?"

"አላውቅም እማ፣ ውሳኔው ላይ ፎቶ የለም።"

"ፎቶ ሳይኖረው ነው ይሄን ሁሉ ያነበብሽው?" አለችና ጭንቅላቴን ይዛ ቀና አደረገችው። "አትንቀሳቀሺ፣ መስመሩ ይጣመማል።"