ስንኝ ሲሰበር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት መጽሐፍ አለ። አንዱ ጥጉ ተልጧል። አንዱ ገና የቀለም ሽታው አልለቀቀውም። ጥጉ የተላጠው የገብረ ክርስቶስ ደስታ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ነው። ሁለተኛው የኔ ነው። በዚህ ሳምንት ነው ከማተሚያ ቤት የወጣው።

ገብረ ክርስቶስን ብዙ ሰው በሥዕሉ ያውቀዋል። እኔን ግን የያዘኝ ግጥሙ ነው። በ1924 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ። አባቱ ብራና ላይ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ ግጥሙን ሳነብ ዓይኔ ቃሉ ላይ ብቻ አያርፍም፤ መስመሩ የት ጋ እንደሚያልቅም አያለሁ። በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት አረፈ። ግጥሞቹ ተሰብስበው በዚህ መጽሐፍ የወጡት በ1998 ዓ.ም. ነው። 25 ዓመት! መጽሐፉን በእጁ አልያዘውም። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ግጥሞቼን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ «ቆይ፣ ገና ናቸው» ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ በመጨረሻ እንዳወጣቸው የገፋኝ እሱ ነው።

ማታ ማታ ድምፄን አውጥቼ ነው የማነበው። ትንፋሽ የት ጋ እንደሚያልቅ ጆሮ ነው የሚያውቀው። የሰሎሞን ዴሬሳን «ልጅነት»ም እወደዋለሁ፤ ቤት ስለመምታትና ስላለመምታት ብዙ ያከራከረ መጽሐፍ ነው። እኔ ግን የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት ሰው ነኝ። ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት ክፍለ ቃል፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ደግሞ ስድስት። እናቴ ጥጥ ስትፈትል ስታንጎራጉር የሰማሁት እሱን ነው፤ ከውስጤ አይወጣም።

እና ባለፈው ወር የመጽሐፌ የመጀመሪያው ፕሩፍ፣ ከመታተሙ በፊት የሚታረመው ናሙና፣ መጣልኝ። ገለጥኩት። ገጽ 31 ላይ ለእህቴ የጻፍኳት ግጥም አለች። ሁለት ስንኝ ብቻ ናት፦

ጫማሽ በሩ ሥር ነው፥ ማንም ሰው ሳይነካው፣
እናት ናት በስውር፥ በእግሯ የምትለካው።

ፊደሉ ትልቅ ስለነበር ስንኙ ከወረቀቱ ተርፏል። «ሳይነካው» ብቻዋን ወደ ታች ወርዳለች። «የምትለካው»ም እንደዚያው። ሁለቱ ስንኝ አራት ሆኗል። ሆዴ ተላወሰ። ሌይአውት ወደሚሠራው ልጅ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ቃል እኮ አልጠፋም፤ ሁሉም አለ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም አለ። ቁጭ አልኩና አነበብኩለት። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ እንዳለው፣ እየቆራረጥኩ። ቀጥሎ እኔ እንደጻፍኩት። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ፊደሉን ወደ 11 አወረደው፤ የጎኑን ባዶ ቦታም አጠበበው። ስንኞቹ ተመልሰው ሙሉ ሆኑ። «አሁን ገባኝ» አለ። ያንን ልጅ አልረሳውም። ሌሎቹንም ገጾች አንድ በአንድ አብረን አየናቸው፤ እስከ ምሽት ድረስ።

ግጥሞቹ 42 ናቸው። 70 ነበሩ። ጮክ ብዬ ሳነባቸው ምላሴ ላይ የተደናቀፉትን አስቀረኋቸው። የሚያሳዝኑኝ አሉ፤ ግን ይሁን።

መጽሐፉ እጄ የገባ ዕለት ማታ እህቴ ጋ ደወልኩ። ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። ሥራዋን የምትጨርሰው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ስለሆነ ጠብቄ ነው የደወልኩት። «አንድ ነገር ላንብብልሽ» አልኳት። አነበብኩላት፤ በቀስታ፣ መሃሉ ላይ እያረፍኩ።

ብዙ ቆየች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች። «ቡናማውን ነው? እማዬ እኮ በጣም ይጠባታል።»