ጉዳዩ፦ የምርምር ገንዘብ ስለመጠየቅ

ለወጣት መምህራንና ተመራማሪዎች በተዘጋጀ የፕሮፖዛል አጻጻፍ ሥልጠና መዝጊያ ላይ የቀረበ ንግግር

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ውድ ወጣት ተመራማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ፕሮፖዛል ስትሰሙ ቆይታችኋል። ቅጹን ሞልታችኋል፣ በጀቱን ሠርታችኋል፣ የጊዜ ሰሌዳውን ኤክሴል ላይ ቀለም ቀብታችኋል። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ አጻጻፍ ስልት ጥቂት በይልን» አሉኝ። እላለሁ። የመጣሁት ግን አንድ ነገር ይዤ ነው። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ፕሮፖዛላችን በወደቀ ቁጥር «እንግሊዝኛችን ነው» እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙዎቻችን የምንወድቀው ምን እንደምንጠይቅ ሳንወስን መጻፍ ስለምንጀምር ነው። ያልወሰንነውን ደግሞ በከባድ ቃላት እንሸፍነዋለን።

ከራሴ ልጀምር። በ1998 ዓ.ም. የመጀመሪያዬን ትልቅ ፕሮፖዛል ጻፍኩ። ስለ እንሰት አጠውልግ ነበር። በሽታውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባክቴሪያ ነው። በሳይንስ ጽሑፍ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። መጀመሪያ መሃል ያለው ቅጠል ይጠወልጋል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይከተሉታል። ግንዱን ስትቆርጡት ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። አምስት ስድስት ዓመት የተጠበቀ ተክል ዓይናችሁ እያየ ይበሰብሳል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ደግሞ ቆጮውንም ቡላውንም የሚያገኘው ከዚህ ተክል ነው።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ጉራጌ አገር እንሰት ሥር ነው ያደግኩት። ታዲያ ምን ጻፍኩ? 14 ገጽ ጻፍኩ። ርዕሱ ብቻ ሦስት መስመር ነበር። መግቢያዬ «ግብርና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው» ብሎ ይጀምራል። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። እንሰት የሚለው ቃል የመጣው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

ከስድስት ወር በኋላ መልስ መጣ። አልተቀበሉትም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የጻፈው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ችግሩ ከባድ መሆኑ ገብቶኛል። አመልካቿ ምን ልትሠራ እንዳሰበች ግን አልገባኝም» ይላል። ተናደድኩ። እንሰት አይቶ የማያውቅ ሰው እንዴት በእኔ ላይ ይፈርዳል አልኩ። ክረምቱን ሙሉ አኮረፍኩ።

ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። የጉራጌ መስቀል እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቤቱ ሞልቷል፣ ክትፎው ቀርቧል፣ ሁሉም «ሥራ እንዴት ነው?» ይላል። አጎቴም ነበር። አጎቴ የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ፍርድ ቤት በር ላይ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጃንጥላ ይዞ፣ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ብስጭቴን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ጉዳዩ ላይ ምን ይላል?» አለኝ።

«የቱ ጉዳዩ?»

«ማመልከቻ አይደለም እንዴ የጻፍሽው? ጉዳዩ የሚለው መስመር ላይ ምን ጻፍሽ?»

ርዕሱን ነገርኩት። በአማርኛ መለስኩለት። እንዲህ የሚል ነው፦ «በእንሰት ላይ የሚከሰተውን የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ዘርፈ ብዙ ተጽዕኖ በተቀናጀና ዘላቂነት ባለው አግባብ በመዳሰስ ለምግብ ዋስትና መረጋገጥ የበኩልን አስተዋጽኦ ማበርከት»።

አጎቴ ኮስተር አለ። «ይሄማ ሰላምታ ነው» አለኝ። «የምትጠይቂው ምንድነው? ገንዘቡን ቢሰጡሽ ነገ ጠዋት ተነስተሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። በአማርኛ ነው የጠየቀኝ፣ በአማርኛ ነው ልመልስ የሞከርኩት። እንግሊዝኛ የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ገምጋሚው ልክ ነበር። ምን ልሠራ እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

አጎቴ ስለ ሥራው የነገረኝን ልንገራችሁ። ባለጉዳይ ሲመጣ ከአያቱ መሬት ይጀምራል። የጎረቤቱን በደል፣ የወንድሙን ክህደት፣ የሞተችውን ላም ሁሉ ይዘረዝራል። አጎቴ ይሰማል፤ ብዕሩን ግን አያነሳም። «ዳኛው ምን ይወስንልህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር እስኪመልስ ድረስ ወረቀቱ ባዶ ነው። ከመለሰ በኋላ «ጉዳዩ» የሚለው ይጻፋል። ከዚያ የሚቀረው ለዚያች መስመር የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ላሟ ካስፈለገች ትገባለች። ካላስፈለገች ትቀራለች።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ጓሮ ወረድን። ሁለት እንሰት ታሞባታል። ቢላዋዋን ለጎረቤት ማዋስ እንዳቆመች ነገረችኝ። በሽታው በቢላዋ እንደሚዛመት ሰምታለች። ጎረቤቷ ግን ተቀይማታለች። «ቢላዋውን እሳት ላይ ባሳልፈው በቂ ነው ወይ? በቂ ከሆነ አውሳታለሁ» አለችኝ።

ሁለተኛው ፕሮፖዛሌ ከዚያ ጓሮ ነው የተነሳው። አጀማመሩ ይህ ነበር፦ «የእንሰት ቢላዋን በእሳት ማሳለፍ በሽታው ከተክል ወደ ተክል እንዳይተላለፍ ያደርጋል ወይ? ይህን በ3 ቀበሌ፣ በ60 ጓሮ፣ በ2 ዓመት እናጣራለን።» 14ቱ ገጽ 6 ሆነ። ገንዘቡ ተሰጠ።

አሁን ግን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

ያን ሁለተኛ ፕሮፖዛል ከመላኬ በፊት ለአንድ አንጋፋ ባልደረባ አሳየሁ። ቀይ ብዕር አነሱ። «እናጣራለን» የሚለውን ሰርዘው «የማጣራት ተግባር ይከናወናል» አሉ። «ቢላዋ» የሚለውን ሰርዘው «የእርሻ ግብዓት መሣሪያዎች» አሉ። «ይሄ የሳይንስ ቋንቋ አይደለም» አሉኝ። ልቀይረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ አማካሪዎች፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ተማሪ ቢላዋን ቢላዋ ሲል ቀይ ብዕር የምናነሳው እኛ ነን! «ሆሊስቲክ»፣ «ሰስተይነብል»፣ «ኢንተግሬትድ» ብሎ ሲደረድር «ጎበዝ» የምንለው እኛ ነን! ማን እንደሚሠራው የማይታወቅ ዓረፍተ ነገር ያስተማርነው እኛ ነን! ከዚያ ውጤቱ ሲመጣ «ልጆቹ መጻፍ አይችሉም» እንላለን። ልጆቹ መጻፍ ይችሉ ነበር። ከልክለናቸው ነው። የገበሬዋን ጥያቄ ገበሬዋ እንዳታውቀው አድርጎ መጻፍ ዕውቀት አይደለም። በችግሯ ስም ገንዘብ እየጠየቅን ችግሯን መደበቅ ነው።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ብለው ረጅሙን መግቢያ የሚከላከሉ አሉ። እሺ፣ ከሥሩ እንጀምር። የዚህ ነገር ሥር ግን ቢላዋው ነው። የአገር ውስጥ ጥቅል ምርት አይደለም።

ዶክተር አክሊሉ ለማን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሥራው በዓለም ታውቆ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ነገሩን አሁን በስድስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነገርኳችሁ። ያልገባው ሰው አለ?

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥልጠናው ላይ ሲነሳ አልሰማሁም። በአማርኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጆሯችን መጠበቅ ለምዷል። እንግሊዝኛ ስንጽፍም ያንኑ ልማድ ይዘን እንሄዳለን። አድራጊውን መጀመሪያ ላይ እናስቀምጥና ቦታውን፣ ጊዜውን፣ ምክንያቱን፣ ቅንፉን ሁሉ ደርድረን ግሱን አራተኛው መስመር ላይ እናመጣዋለን። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን አድራጊውንና ግሱን ጎን ለጎን ነው የሚፈልገው። እዚያ ካጣው ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሦስተኛ ጊዜ አይመለስም። ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ ገና ያልተነበበ የፕሮፖዛል ክምር ፊቱ ተቀምጦ ነው የሚያነባችሁ። እና ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ስታዩ ግሱን ፈልጉት። ወደ ፊት ጎትቱት። የቀረውን በሌላ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ገጽ መሙላትም ይቅር። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የዋናውን የምርምር ማመልከቻ ጣሪያ ከ25 ገጽ ወደ 12 አውርዶታል። ዓላማዎቹ አንድ ገጽ ብቻ ናቸው። ዓለም እያሳጠረ ነው፤ እኛ እያስረዘምን ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ምህጻረ ቃል ቀንሱ። በጀቱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ ዘዴው ላይ ሥራ ይኑረው። የሌላ ሰው ፕሮፖዛል ኮፒ አድርጋችሁ አትጀምሩ። ከመላካችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ከሙያችሁ ውጭ ላለ ሰው አስነብቡ፤ «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ምን ልሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ሻይ ደርሷል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ሁላችሁም አንድ ወረቀት አውጡ። አማካሪዎችም ጭምር። ስማችሁን አትጻፉ። ከላይ «ጉዳዩ» በሉና፣ ገንዘቡን ዛሬ ቢሰጧችሁ ነገ ጠዋት የምትሠሩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሲዳምኛም፣ ደስ ባላችሁ ቋንቋ። በር ላይ ቆሜ እቀበላችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ እያንዳንዷን አነባለሁ።

አመሰግናለሁ።