የእማዬ እሺታ

ዛሬም እማዬ ለድባቴዋ ስለወሰደችው የኤሌክትሪክ ሕክምና ነው። «እንደገና?» የምትሉኝ አላችሁ፤ አዎ፣ እንደገና። የወንድሜን የመኪና ጉዳይ ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ፤ እሱም ቢሆን አይከፋውም።

ሐኪሙ አጠገቧ ተቀምጦ ቀስ እያለ አስረዳት። ማደንዘዣ ይሰጥዎታል፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ይከተላል፣ ከዚያ ጭንቅላትዎ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ኤሌክትሪክ እንለቃለን፤ እርስዎ አይሰማዎትም። አንዳንድ ነገር ሊረሱ እንደሚችሉም አልደበቃትም። «ይስማማሉ?» አላት። እማዬ ግድግዳውን እያየች «እናንተ ካላችሁ እሺ» አለች። ያን ሰሞን እኮ ምግብ ትታለች፤ ውሃ እንኳን በልመና ነው። «ነገ ትሞቻለሽ» ቢሏትም እሺ ነበር የምትለው። ታዲያ እሺ ያለው ማን ነው? እሷ ወይስ ድባቴው? ፊርማዋን አይቼዋለሁ፤ ስሟ ከመሐል ጀምሮ ከመስመሩ ወርዶ ቁልቁል ሄዷል።

የእግሩን ነገር ነግሬያችኋለሁ? ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት አንዱ ቁርጭምጭሚት ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ጠቅልለው ይነፉታል፤ መድኃኒቱ ወደዚያ እግር እንዳያልፍ። ሌላው አካል ጸጥ ሲል እሱ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ኤሌክትሪኩ አንጎል ውስጥ የሚቀሰቅሰውን መንቀጥቀጥ አንድም ከዚያ ያነቡታል። ጣሊያናውያኑ ሐኪሞች ቼርሌቲና ቢኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ሮም ላይ ሲጀምሩት ማደንዘዣም ማላሊያም አልነበረም፤ በመንቀጥቀጡ አጥንት ይሰበር ነበር። ሰው ዛሬም የሚፈራው ያንን ነው። የእኔ ፍርሃት ግን ሌላ ነው።

ሠርቶላታል እኮ! ይህን ካልተናገርኩ ግፍ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ እንዲያውም ከወጣቶቹ የተሻለ ውጤት ያሳያል። ሾርባው ጨው የለውም ብላ ነርሷን ስትቆጣ ኮሪደር ወጥቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ ቁጣዋ ናፍቆኝ ኖሯል።

ስለዚያ ቀን ስጠይቃት ግን «እኔ ፈረምኩ?» አለችኝ። ጭራሽ የለም። ወረቀቱን ላሳያት አስቤ ነበር፤ ምን ይረባታል ብዬ ተውኩት። ወይም... እንጃ።

አሁን ደግሞ ሐኪሙ በሽታው በቀላሉ ስለሚያገረሽ፣ ከሚዋጠው መድኃኒት ጋር ሕክምናው አልፎ አልፎ ቢደገም ይመክራል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችና «አስብበታለሁ» አለች። ትክክል ነው፤ እንዲህ እንድትመልስ አይደል ስመኝ የነበረው? እምቢ ብትልም እምቢታው የራሷ ነው። እኔ ግን ከወዲሁ ማግባቢያ ቃል እያዘጋጀሁ ነው፤ ወንድሜንም አብሮኝ እንዲያግባባት ልለምነው አስቤያለሁ፤ ይህ ደግሞ ከዚያኛው እሺታ በምን...