ጠንካራ ዘርና ችግኝ ከትንሽ እርሻ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአንድ አነስተኛ የባዮዳይናሚክ እርሻ ዘር ልገዛ ነው። ባዮዳይናሚክ ከሆነ በቃ ጠንካራ ነው ማለት ነው?

ማለት አይደለም። ባዮዳይናሚክ ሩዶልፍ ሽታይነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ከሰጣቸው ትምህርቶች የተነሳ የአስተራረስ ስልት ነው። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ አይገባበትም። ፍግ በላም ቀንድ ውስጥ ተሞልቶ በቅዝቃዜው ወራት ይቀበራል፤ ከዚያ በውኃ ተበጥብጦ ማሳው ላይ ይረጫል። የጨረቃን ዑደት ተከትለው የሚዘሩም አሉ። የቀንዱና የጨረቃው ነገር ዘርን እንደሚያጠነክር በሳይንስ አልተረጋገጠም። ኮምፖስቱና ሰብል ማፈራረቁ ግን አፈሩን በእርግጥ ያለማሉ። የዘርን ጉልበት የሚወስኑት እናት ተክሉ፣ አደራረቁና አቀማመጡ ናቸው። ስለዚህ ማሸጊያውን ትተው ገበሬውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ገበሬውን ምን ብዬ ልጠይቀው?

መጀመሪያ፣ ዘሩ መቼ ተሰበሰበ? የቀይ ሽንኩርት ዘር ከ1 ወይም 2 ዓመት በኋላ ቶሎ ይደክማል። የቲማቲም ግን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተያዘ 4 እና 5 ዓመት ይቆያል።

ቀጥሎ፣ ከስንት ተክል ተወሰደ? ትንሽ እርሻ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ቲማቲምና ሰላጣ ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ጥቂት ተክል ይበቃቸዋል። በቆሎን የሚያዳቅለው ግን ነፋስ ነው። በየዓመቱ ከ10 ወይም ከ20 አገዳ ብቻ ዘር ከተወሰደ ትውልድ በቆጠረ ቁጥር ይቀጭጫል። ከ100 በላይ ቢሆን ይሻላል። ጥቅል ጎመንን ደግሞ ነፍሳት ናቸው የሚያዳቅሉት። አጠገቡ ብሮኮሊ ካበበ ዘሩ ቅይጥ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የትኞቹን ተክሎች ለዘር እንደሚተው እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ጎበዝ ገበሬ ከሰላጣው ውስጥ ምርጦቹን ክር አስሮ ይለያቸዋል፤ አይሸጣቸውም። ቀድሞ ያበበውን ደግሞ ነቅሎ ይጥላል። ከእሱ ዘር ከወሰደ ከዘሩ የሚበቅሉትም ለመበላት ሳይደርሱ ቶሎ ያብባሉ። እንዲህ ዓይነት ገበሬ ካገኙ አይልቀቁት።

ዘሩ ድቅል፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሆን ተብሎ ተዳቅለው የተገኘ፣ መሆን አለመሆኑንም ያጣሩ። ከድቅል ተክል የሚሰበስቡት ዘር እናቱን አይመስልም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት የሰላጣ ዘር ግማሹ እንኳ አልበቀለም። ተሸውጄ ይሆን?

ከመፍረድዎ በፊት ሙቀቱን ይዩ። የብዙ ሰላጣ ዘር አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እርጥብ ሶፍት ላይ 20 ፍሬ ደርድረው ይሞክሩት። ስንቱ እንደበቀለ ብቻ አይቁጠሩ፤ አበቃቀሉንም ይመልከቱ። 18ቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተከታትለው ከወጡ ዘሩ ጤነኛ ነው። አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከሳምንት በኋላ እየተንጠባጠበ ከወጣ ግን ጉልበቱ አልቋል። ያኔ ለገበሬው ይንገሩት፤ ለእሱም ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ችግኝ ስገዛስ ረጅሙን ልምረጥ?

ረጅሙን ይተዉት፤ ብርሃን አጥቶ የተመዘዘ ሊሆን ይችላል። አጭርና ግንደ ወፍራሙን ያንሱ። አበባ የያዘውም አያጓጓዎት። ከዚያ ከመያዣው ቀስ አድርገው አውጥተው ሥሩን ይዩ። ነጭ ሆኖ አፈሩን የያዘ ከሆነ ጥሩ ነው። ዙሪያውን ተጠምጥሞ ቡናማ ከሆነ ይመልሱት። በመጠለያ ውስጥ ያደገ ከሆነ ደግሞ ወዲያው አይትከሉት። ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እየጨመሩ ፀሐይና ንፋስ ያለማምዱት።